የባሕር አየር የመታው ድምፅ

ቢጫውን ሰካሁ። ቀጥሎ ሳላስበው ቀዩንና ነጩንም ሰካሁ። ልጄን በገዛ አፌ «ትሂድ» ብዬ ለምን ዓይነት ሰው እንደሰጠኋት ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሰኞ ነበር፣ ረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ አራት በሚባለው ሰፈር፣ በሠራተኝነት በምኖርበት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ መደርደሪያ ኋላ ተንበርክኬያለሁ። ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። የዚያ አገር የባሕር አየር የገመዶቹን መሰኪያ፣ የጃኮቹን ጫፍ፣ አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል፤ ካልተጠረገ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይንጫጫል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሁሉንም ነቅዬ፣ በልጄ ላጲስ ፈግፍጌ መልሼ መሰካት የእኔ ሥራ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላት የአገራችን ሴት፣ ያን ቀን ቪዲዮ ካሜራዋን ከተቆለፈው ሣጥኗ አውጥታ ሰጠችኝና «አዘጋጂው፣ ከሰዓት እንግዳ አለብኝ» ብላ ገላዋን ልትታጠብ ገባች።

ካሜራው በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ነው። ከእሱ የሚወጣው ገመድ ጫፉ ላይ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ቢጫው ሥዕሉን፣ ቀዩና ነጩ ድምፁን ይወስዳሉ። እትዬ ግን አንድ ሕግ ነበራት። ከካሜራው ቢጫው ብቻ ይሰካል። የቀይና የነጭ ቀዳዳው የቴፑ ነው፤ ሥዕሉ ሲታይ የሚሰማው ከቴፑ የሚመጣ ዘፈን ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብጠይቃት «የቪዲዮ ካሴቱን ድምፅ የባሕር አየር መትቶታል፣ ጆሮ ያደነቁራል» አለችኝ። የባሕር አየር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አመንኳት።

ያን ሰኞ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ልጄ ቅዳሜ ልትሄድ ነው። የምትለብሰውን ቀሚስ በሐሳቤ እየሰፋሁ፣ እጄ ቀለሙን ከቀለሙ አገናኘው። ቀይ በቀይ፣ ነጭ በነጭ።

ድምፅ መጣ።

ስክሪኑ ላይ ያለችውን ልጅ አውቃታለሁ። ፍንጭት ናት። ወደ ዓረብ አገር ከመሻገሯ በፊት ሁለት ሳምንት ከልጄ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ተኝታለች፣ ጸጉሯን የሠራኋት እኔ ነኝ። ይህን ሥዕሏን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ነጭ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ ጥቁር ልብስ ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ የወርቅ ሐብል አለ። ትስቃለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» የምትል ይመስለኝ ነበር። ፈገግታው ያው ነው። ቃሉ ግን እንዲህ ነበር።

«አባዬ፣ እየሳቅሁ የማወራህ የሚቀርጸኝ ሰውዬ ሳቂ ስላለኝ ነው። አማርኛ አይሰማም። ወርቁ የእኔ አይደለም፣ ሲጨርስ ያወልቀዋል። ግራ እጄን ከኋላዬ የደበቅሁት ሰብረውት ነው። እህቴን እንዳትልካት። እዚያ ቤት ላለችው ማዘርም ንገርልኝ፣ ልጇን እንዳትሰጥ።»

ማዘር እኔ ነኝ። ልጆቹ ሁሉ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው።

ቀዩንና ነጩን ነቀልኳቸው። ከመታጠቢያ ቤቱ ውኃው አሁንም ይፈስሳል። ያ ውኃ ባይፈስስ ኖሮ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም። እንደ ሕጓ መልሼ ሰካሁት፣ ዘፈኑ መጣ፣ ልጅቷ በዘፈኑ ላይ መሳቋን ቀጠለች። እትዬ በፎጣ ተጠቅልላ ብቅ አለችና «ሠራ?» አለች።

«ሠርቷል እትዬ» አልኳት።

ድምፄ እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ገመድ የማስተካክል መስዬ እዚያው መደርደሪያው ኋላ ቆየሁ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ጅቡቲ የገባሁት ልጄን በሆዴ ይዤ ነው። መጀመሪያ ሄሮን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር፣ ፈረንሳዮች ቤት ሠራሁ። እዚያ የነበረችው ማዳም ሆም ቴአትር የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያሳየችኝ ናት፤ አምስት ትንንሽ ስፒከርና ወለል ላይ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ የሚያጓራ ሣጥን። ቤት በቀየሩ ቁጥር ሁሉም ይፈታል፣ ሁሉም ይገጠማል። ኋላው ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንደማልችል ስታውቅ በቀለም አስተማረችኝ። ሩዥ ከሩዥ፣ ብላን ከብላን፣ ዦን ከዦን፤ ቀይ ከቀይ፣ ነጭ ከነጭ፣ ቢጫ ከቢጫ ማለቷ ነው። ቀለሞቹን ዛሬም መጀመሪያ የማስባቸው በፈረንሳይኛ ነው። እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሜዳ ላይ ቀረሁ። ወረቀት የለኝም፣ ልጄ ወረቀት የላትም። ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን በመኪና ሲያፍሱ ሕፃን አዝዬ የማላውቀው ሰው ግቢ ውስጥ የተደበቅሁበት ቀን ብዙ ነው። እትዬ ያስገባችኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ባለውለታዬ ናት። እንዲህ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ቤቷ የአዲስ አበባን መንገድ የሚመላለሱ ከባድ መኪና ሾፌሮች ማረፊያ ነበር። ዶራሌ ወደቡ ጋ ተራ ይዘው ቀናት የሚጠብቁ ሰዎች፣ ጫቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሲገባ ሽርጣቸውን አገልድመው ሳሎኗ ይደረደራሉ። ቀዝቃዛ ውኃ አለ፣ የአገራችን ቴሌቪዥን በዲሽ አለ፣ ሆም ቴአትሩ አለ። ወሬዋ ይጣፍጣል። አንዱ የእህቱን ልጅ፣ አንዱ የጎረቤቱን ልጅ ይዞላት ይመጣል። አብዛኞቹ ልጆች ባልባላ በተከራየችው ሌላ ቤት ይቆያሉ፣ ከዚያ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር። በሚሄዱበት ዋዜማ ምሳ ታበላቸውና ካሴቱን ታሳያቸዋለች። ከእነሱ በፊት የሄዱት ወርቅ አድርገው ሲስቁ ያያሉ። ያኔ ስልክ እንደ አሁኑ ሥዕል አይልክም፤ ያ ካሴት ነበር ማስረጃው። እኔ ነበርኩ የምሰካው።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት እትዬ አስቀምጣኝ «እስከ መቼ የእኔን ሰሃን ታጥባለች? አንቺ የቀረብሽ ይበቃል» አለችኝ። ጉልበቷን ሳምኩ። ይህን ስጽፍ ከንፈሬን በበረኪና ማጠብ ያምረኛል።

ያን ሰኞ ከሰዓት ለእንግዶቿ ሻይ ሳቀርብ ያሰብኩትን ሁሉ ብናገር ንስሐ አባቴ አያስቆርቡኝም። በረኪናው ጓዳ ውስጥ ነው፣ ሻይዋን የማፈላው እኔ ነኝ። ዘይት የፈላበት መጥበሻ በእጄ ይዤ ከጀርባዋ ቆሜያለሁ፤ ስልክ እያወራች ነበር፣ ዞርም አላለች። መጥበሻውን መልሼ ያስቀመጥኩት አዝኜላት አይደለም። እሷን ብጎዳ ልጄን ማን ያወጣታል? ብጮህ ለፖሊስ ትሰጠናለች፣ እኔ በአንድ በኩል ልጄ በሌላ በኩል እንበተናለን። ብንጠፋ ደግሞ መንገዱ በሙሉ የሾፌሮቿ ነው፤ ለእኛ ያሰቡ መስሏቸው ይዘው ይመልሱናል። እሷን የሚያምኗት እነሱ ናቸው። ስለዚህ መስማት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ከሁሉም አንዱ በተለይ።

የፍንጭቷ ልጅ አባት ሾፌር ነው። ቁመቱ መለሎ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥር ለእትዬ በፕላስቲክ ቅቤ ይዞላት ይመጣል፣ ጫቱን ሳይጀምር ካሴቱን እንድታሳየው ይለምናታል። አራት ጊዜ አይቶታል። አንድ ጊዜ «አሁን ምን እያለች ነው?» ብሎ ጠየቃት። እትዬም ሰላም እያለችህ ነዋ፣ ሌላ ምን ትልሃለች አለችው። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ «እንዴት አምሮባታል» አልኩት። በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ይህን አልረሳውም፤ የእሷን ብቻ ሳይሆን የእኔንም አልረሳውም።

ማክሰኞ ፍርሃቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ልጄን ልንገራት ብዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ፊቷ ምንም ነገር መደበቅ አያውቅም፤ ብነግራት እትዬ በአንድ እይታ ታነበዋለች። ረቡዕ ጠዋት እትዬ ልጄን «ከጓደኞቿ ጋር ትላመድ» ብላ ባልባላ ወሰደቻት። በር ላይ አንገቷ ስር ገብቼ ሳምኳት፣ አልለቅ አልኳት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? አታልቅሺ» አለችኝ እየሳቀች። «ቴሌቪዥን እገዛልሻለሁ። ከዚህኛው የሚበልጥ።»

ሚኒባሱ እስኪዞር ቆሜ አየሁ። ወደ ቤት ስመለስ ምላሴን ሳላውቀው ነክሼ አድምቼው አገኘሁት።

ሐሙስ ሻይ ሳቀርብ፣ ነገሩ እንዳያስታውቅብኝ በቀልድ አስመስዬ፣ ባለ ቅቤው የት ጠፋ ብዬ አንዱን ሾፌር ጠየቅሁት። ዶራሌ ተራ ይዟል፣ እስከ ቅዳሜ አይጭንም፣ ነገ ይመጣል አለኝ። ነገ ዓርብ የልጆቹ ምሳ ነው። ልጄም ትመጣለች። ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ሊሆኑ ነው።

ማታ ሾፌሮቹ ተበትነው እትዬ ስትተኛ ሥራ ጀመርኩ። የሆም ቴአትሩ ድምፅ ማጉያ ኋላ ላይ የቀይና የነጭ ቀዳዳ ሁለት ጥንድ አለ፤ አንዱ ቴፑ የሚሰካበት፣ አንዱ ዲሹ የሚሰካበት። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሸጋግረው ሪሞቱ ላይ ያለ አንድ ቁልፍ ነው። ጽሑፉን ስለማላነበው ድሮውንም በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበታለሁ። የዲሹን ነቅዬ ቦታውን ባዶ አደረግሁት። ሁሉንም ጃክ በላጲስ ፈገፈግኩት፤ እንዲያ አድርጌ ፈግፍጌው አላውቅም። አንዲት ቃል እንድትንጫጫ አልፈለግሁም። ከዚያ ከትራሶቹ ኋላ የተወሸቁትን ሁለቱን የኋላ ስፒከሮች አወጣሁና እትዬ ከምትቀመጥበት ትራስ ግራና ቀኝ አስቀመጥኳቸው። በሁለቱም ጆሮዋ እንድትሰማው።

ልዋሽ አልችልም፣ ደስ እያለኝ ነበር የሠራሁት።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ሞላ። አምስት ልጆች በአንድ በኩል፣ መካከላቸው የእኔዋ፣ አዲስ ሻሽ አስረውላታል። ሾፌሮቹ ሰባት ነበሩ። ባለ ቅቤው መጨረሻ ላይ መጣ። ፕላስቲኩን ለእትዬ ሲያቀብል አንዱ ጓደኛው «ይኸው ደረሰ፣ ዛሬ ካሴቱን በቃሉ ሊያሳየን ነው» ብሎ ተረበው፣ ሁሉም ሳቁ።

«ልጅ ይኑርህና እንተያያለን» አለው ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ።

እትዬ ካሜራውን ከሣጥኑ አውጥታ ሰጠችኝ። መደርደሪያው ኋላ ገባሁ። ቢጫውን በቢጫ ሰካሁ። ቀዩንና ነጩን ዲሹ ከነበረበት ሰካሁ። መደርደሪያ ኋላ ማንም አይመለከትም፤ ያ ቦታ የእኔ ብቻ ነበር። ቴፑን ከፈትኩ፣ ዘፈኑ መጣ፣ ካሴቱን ለቀቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት በጀርባዬ ሸፍኜ ተቀመጥኩ፣ ሪሞቱ በነጠላዬ ስር።

መጀመሪያ አንዲት የማላስታውሳት ልጅ አለፈች። ልጆቹ «እዩት ወርቁን» እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ። እትዬ ትራሷን ተደግፋ ታብራራለች፤ ይህችኛዋ ትልቅ ሰው ቤት ናት፣ የራሷ ክፍል አላት። ቀጥሎ ፍንጭቷ መጣች። አባትየው ወደፊት ተጠጋ።

ነጥቡን ተጫንኩት።

ዘፈኑ በመሃሉ ተቆረጠ። «አባዬ» የሚለው ቃል ከአምስቱም ስፒከር በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ቤቱን ሞላው። አባትየው እንደተጠራ ሰው «አቤት» አለ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ አቤት አላት።

ልጅቷ ሁሉንም ተናገረች። ሳቁን፣ ወርቁን፣ እጇን። እትዬ ለጥቂት ጊዜ ምን እንደመጣባት ያልገባት ሰው ሆነች። በሁለቱ ስፒከሮች መሃል አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ከዚያ «ምን ነክተሽ ነው? አጥፊው» አለችኝ።

«ድምፁን እኮ የባሕር አየር መትቶታል እትዬ» አልኳት። «አይጠፋም።»

ስንት ዓመት ሙሉ የበላሁት እንጀራ ሁሉ ያን ጊዜ ተፈጨልኝ።

ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ተወረወረች። በሕይወቷ አንድ ገመድ ሰክታ አታውቅም፤ ለዚያ እኔ አለሁ። እጇ ያገኘውን ያዘችና ጎትታ ነቀለችው። ቢጫውን ነበር። ስክሪኑ ጨለመ። ፈገግታው ጠፋ፣ ወርቁ ጠፋ፣ ነጩ ግድግዳ ጠፋ። ድምፁ ብቻ ቀረ። «እህቴን እንዳትልካት» አለ ጨለማው ስክሪን።

ሌላ ገመድ ልትነቅል ስትል አንድ ሽማግሌ ሾፌር እጇን ያዛትና ተዪው፣ ይሰማ አላት።

አባትየው አልጮኸም። ሁላችንም የሚጮኽ መስሎን ነበር። በእንብርክኩ ወደ ቅርቡ ስፒከር ሄደና ግንባሩን አስደግፎበት «ከመጀመሪያው መልሺው» አለኝ።

ጓደኛው ቢጫውን አንሥቶ «ሥዕሉንስ?» አለው።

«ሥዕሉን አልፈልግም» አለ። «አራት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

መለስኩለት። ሰማ። እንደገና መለስኩለት። ካሴቱ ሲቀጥል የሌሎቹም ድምፅ መጣ፣ አንዷ ከአንዷ ቀጥላ፣ ሁሉም በዚያው በሚስቅ ቃና። አንደኛዋ የእናቷን መንደር ጠርታ የጎረቤቶቿን ስም እየቆጠረች ለእነሱም ልጆች እንዳይሄዱ አስጠነቀቀች። በምሳ ሊሸኙ የነበሩት ልጆች ተነሥተው ቦርሳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ልጄ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፣ እጅጌዬን ጨበጠች።

እትዬ እኔ ጋ ደርሳ ዝቅ ባለ ድምፅ ያበላሽን እጅ ነከስሽ፣ ዛሬውኑ ለፖሊስ ነው የምሰጥሽ አለችኝ። ሽማግሌው ሰማትና «ከእንግዲህ ማንንም ለማንም አትሰጪም» አላት። በሩን ዘጉ። ሣጥኗን አስከፈቷት። ፓስፖርቶች ነበሩበት፣ የልጆች ፎቶዎች ነበሩበት፤ የልጄ ጉርድ ፎቶ ከላይ ነበር። አባትየው ስልኳን እጇ ላይ አስቀምጦ ባሕር ማዶ ልጆቹን ለሚቀበላት ሰውዬ ደውላ ልጁን እንዲመልስ እንድትነግረው አደረጋት፣ ስትደውልም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስንቅ እንደሚያኖር ሰው ያንን ዓይቼ አኖርኩት፤ ዛሬም ልቤ ሲነድድ አውጥቼ አየዋለሁ።

ስልኩን ሲጨርሱ አባትየው ወደ እኔ ዞረ። ይህን የፈራሁትን ያህል ፖሊስ አልፈራሁም።

«አንቺስ? የምትሰኪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ቢጫውን ብቻ ነበር የምሰካው።»

እንዴት አምሮባታል ያልኩትን ያስታወሰ ይመስለኛል። ከዚያ ጫማውን አጠለቀና «ልጅሽን ያዥና መኪናው ጋ ነይ» አለኝ።

ካሴቱን እሱ ወሰደው። እኔ ደግሞ ከዚያ ቤት አንድ ነገር ሰረቅሁ። ያንን ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ነቅዬ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ሌላ ካሴት ብታመጣ በምን ታሳያለች?

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከሾፌሮቹ ነው። ወሬው በየማረፊያው፣ በየሻይ ቤቱ ተላለፈ። ልጅ የሚያመጣላት ጠፋ፣ ቅቤ የሚያመጣላት ጠፋ። ሳሎኑ ሰባት ሰዓት ላይ ባዶውን ይውል ጀመር። ሆም ቴአትሩን ሸጠች፣ ከዚያ ቤቱን ለቀቀች። ፍንጭቷ ከብዙ ወራት በኋላ ተመለሰች፤ ግራ እጇ ዛሬም አይጨብጥም። ካሴቱ ላይ ከነበሩት ውስጥ ያልተመለሱ አሉ። ንስሐ አባቴ «ለእሷ ይህ ይበቃታል፣ አንቺም ይቅር በይ» ይሉኛል። ለእኔ አይበቃኝም። ዕድሜዋን ሙሉ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል እንድትቀመጥና የልጆቹን ድምፅ አንድ በአንድ እንድትሰማ ነው የምፈልገው። ከጎኗ ለእኔም ትንሽ ቦታ ሊኖር እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ እሷ ትቀመጥ።

ያን ዓርብ አሥር ሰዓት ሲሆን ከተማውን ለቀቅን። አባትየው የያዘውን ተራ ጥሎ ባዶውን መኪና ይዞ ነበር የተነሣው። እኔና ልጄ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ባለችው መኝታ ላይ፣ መጋረጃ ተጋርዶብን ተኛን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። መኪናው ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር የልጄን አፍ በእጄ እሸፍናለሁ፤ እሷ ትንፍሽ አላለችም፣ እኔ ነበርኩ የማቃስተው። አንድ ቦታ አስቆሙን። የሰው ጫማ በጠጠሩ ላይ ሲራመድ፣ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። አባትየው በሶማልኛ ሰላምታ ሰጠ፣ ሳቀም። ልጁ እንደዚያ መሆኗን ሰምቶ እያለ የሳቀው ለእኛ ሲል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቅን አላምነውም።

የአገራችን መግቢያ ጋላፊ ስንደርስ ድንበሩ ተዘግቶ ነበር፣ እስኪነጋ ቆምን። ጠዋት መኪናው ሲንቀሳቀስ ልጄ በጆሮዬ «እማዬ፣ ሰማሁሽ እኮ» አለችኝ። «አይጠፋም ስትያት።» መቀነቴን ዳሰስኩ፣ ገመዱ አለ።

መኪናው ዘለግ ያለ ጊዜ ሄዶ ቆመ። አባትየው መጋረጃውን ገለጠው። ውጪው ብርሃን ነው። አንድ ወታደር አንገቱን አስገብቶ አየን፣ በአማርኛ ውኃ ትጠጡ ይሆን ብሎ ጠየቀን። ልጄ ጠጣች፣ ከዚያ እኔ ጠጣሁ።

ወረድኩ፣ መሬቱን በእግሬ ረገጥኩ። ልጄ ከጎኔ ናት። እትዬ ማዶ ቀርታለች፣ እጇ እዚህ አይደርስም። ተርፈናል።